የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽና የዓፄ ምኒልክ የደብዳቤ ክርክር

የውጫሌ ውል በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1889) ወሎ ውስጥ ውጫሌ ላይ የተፈረመ፣ ሃያ አንቀጾች ያሉት የወዳጅነትና የንግድ ውል ነው። ውሉ በይበልጥ የሚታወሰው በ17ኛው አንቀጹ ነው። የዚህ አንቀጽ የአማርኛና የኢጣልያንኛ ቃል የተለያየ ስለነበር ኢጣልያ የኢትዮጵያ ሞግዚት ሆኛለሁ ስትል ለሌሎች መንግሥታት አስታወቀች፤ ዓፄ ምኒልክም ይህን በደብዳቤ ተቃወሙ። ጉዳዩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በጦርነት ከመለየቱ በፊት ከስድስት ዓመት በላይ በወረቀት ላይ ሲያከራክር ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ የደብዳቤ ክርክር ላይ ነው።

የውሉ መነሻ

ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ፣ ኢጣልያ ምጽዋን ከያዘች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ለመውረስ የጦር መሣሪያና የውጭ መንግሥታት ዕውቅና ያስፈልጋቸው ነበር፤ ኢጣልያም ከባሕሩ ቆላ ወደ ደጋው መውጣት ትፈልግ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሸዋ የተቀመጠውና አማርኛም ይሰማ የነበረው ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ሁለቱን ፍላጎቶች በአንድ ወረቀት ላይ አገናኛቸው።

በዚህ ረገድ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ውሉ በ3ኛው አንቀጹ ወሰን ሲያበጅ ሐላይ፣ ሰገነይቲና አስመራ በኢጣልያ ወገን እንዲሆኑ አድርጓል። ይህን ዓፄ ምኒልክ አውቀውና ፈቅደው የፈረሙት ነው፤ ከ17ኛው አንቀጽ ጋር መምታታት የለበትም። በኋላ የተነሣው ክርክር ኢትዮጵያ የለቀቀችውን መሬት የሚመለከት አልነበረም። ክርክሩ ያልለቀቀችውን፣ ማለትም በገዛ ስሟ ከሌላው ዓለም ጋር የመነጋገር መብቷን የሚመለከት ነበር። ስለ ወሰኑ የተነሣው ቅሬታ ሌላ ምንጭ ነበረው። ደጃዝማች፣ በኋላ ራስ፣ መኮንን ወደ ኢጣልያ ተልከው ሳሉ መስከረም 22 ቀን 1882 ዓ.ም. ናፖሊ ላይ በተፈረመው ተጨማሪ ስምምነት ኢትዮጵያ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር እንድታገኝ ሲወሰን፣ ወሰኑ «አሁን በእጅ ባለው ይዞታ» መሠረት ይስተካከል የሚል ቃልም ገባ። የኢጣልያ ጦር በዚህ ቃል ተደግፎ እስከ መረብ ወንዝ ዘለቀ።

የአንድ ግሥ ልዩነት

የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ኢጣልያንኛው በዚሁ ቦታ «ኮንሴንቴ» የሚል ግሥ አስገብቷል፤ ትርጓሜውም «ተስማምተዋል»፣ «ፈቅደዋል» ማለት ነው። የሚቻለው ሰው ሲያሻው ያደርገዋል፣ ካላሻው ይተወዋል። የተስማማ ሰው ግን በቃሉ ይያዛል። በአማርኛው መሠረት ኢጣልያ ስትጠየቅ የምታገለግል መልእክተኛ ናት፤ በኢጣልያንኛው መሠረት ግን ያለ እርሷ በኩል የሚወጣ ደብዳቤ የለም። ሞግዚትነት የሚለው ቃል በሁለቱም ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም።

ውሉ የትኛው ቋንቋ እንደሚበልጥ የሚወስን ድንጋጌ ቢኖረው ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። 19ኛው አንቀጽ ግን ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም ስለሚስማሙ እኩል የታመኑ ናቸው ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን በእጁ የያዘውን ጽሑፍ እውነተኛው ነው ለማለት የሚያበቃ መሠረት ነበረው። ውል በሁለት ቋንቋ የሚያስጽፍ ማንኛውም ሰው፣ የቤት ኪራይም ይሁን የውክልና ሰነድ፣ እንዲህ ያለው ድንጋጌ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ ሊያይ ይችላል።

ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ታሪክ ጸሐፊዎች ተከራክረውበታል። አንዳንዶች በዓፄ ምኒልክ አስተርጓሚ በግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ላይ ያሳብቡ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሰን ኃላፊነቱ የአንቶኔሊ ነው የሚል ጥናት ሲያወጣ፣ ኢጣልያዊው ካርሎ ጂሊዮ የአንቶኔሊን ቅን ልቦና ደግፎ መልስ ሰጥቷል። ሩቤንሰን የሚያነሣው ነጥብ ግን ክብደት አለው፤ የአገሩን ነጻነት በአንድ ዐረፍተ ነገር አሳልፎ የሰጠ ንጉሥ፣ ውሉን በፈረመ በወራት ውስጥ ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ደብዳቤ አይጽፍም ነበር።

የክሪስፒ ማስታወቂያ

በዚህ ጊዜ የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ነበር። ሲሲሊያዊው ክሪስፒ ከጋሪባልዲ ጋር ለአገሩ አንድነት የታገለ ሲሆን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱንም ሥልጣን ደርቦ ይዞ ነበር። ጥቅምት 2 ቀን 1882 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 1889) ለአውሮፓ መንግሥታት ባስተላለፈው ማስታወቂያ፣ በውሉ 17ኛ አንቀጽ መሠረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ለውጭ ጉዳያቸው ሁሉ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ለመገናኘት መስማማታቸውን ገለጸ።

የማስታወቂያው ኃይል ከቃሉ ይልቅ በጠቀሰው ሕግ ላይ ነው። አውሮፓውያን በ1877 ዓ.ም. የፈረሙት የበርሊን ጠቅላላ ሰነድ በ34ኛው አንቀጹ፣ በአፍሪካ ጠረፍ አዲስ ቦታ የያዘ ወይም ሞግዚትነት ያቋቋመ መንግሥት ለሌሎቹ ፈራሚዎች እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ ሌሎቹም ተቃውሞ ካላቸው ያቀርባሉ። ክሪስፒ ይህን አንቀጽ በመጥቀሱ ብቻ፣ ሞግዚትነት የሚለውን ቃል ከውሉ ውስጥ ሳያወጣ ትርጓሜውን ለሁሉም ግልጽ አደረገ። በዚህ ሥርዓት ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ የሚጠየቁት ግን ፈራሚዎቹ እንጂ የአገሩ ባለቤት አይደለም። ኢትዮጵያ በርሊን ላይ አልተጠራችም፣ አልፈረመችም፤ ማስታወቂያውም አልደረሳትም። አንቀጹ ራሱ ስለ ጠረፍ እንጂ ስለ መሐል አገር የሚናገር አለመሆኑ ሌላው ጉዳይ ነው፤ በጊዜው ይህን ያነሣ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ቀኖቹ ሲነጻጸሩ የነገሩ ፍጥነት ይታያል። ማስታወቂያው ሲወጣ ደጃዝማች መኮንን ገና ኢጣልያ ውስጥ በእንግድነት ላይ ነበሩ። ዓፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው የነገሡት ደግሞ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው፤ ክሪስፒ የውጭ ግንኙነታቸውን በእጄ ነው ካለ ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ሩሲያና የኦቶማን ቱርክ ማስታወቂያውን አልተቀበሉትም፤ ፈረንሳይም ዕውቅና አልሰጠችም። እንግሊዝና ጀርመን ግን ተቀበሉት። የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎችም ኢትዮጵያን በኢጣልያ ቀለም መቀባት ጀመሩ።

ከለንደን የመጣ መልስ

ዓፄ ምኒልክ መንገሣቸውን ለማብሠርና ለሌላም ጉዳይ በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. ገደማ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ለጀርመኑ ቄሣር ዊልሄልም 2ኛ በቀጥታ ጻፉ። ደብዳቤዎቹ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» በሚለው ማኅተም የታተሙ፣ ንጉሥ ለንጉሥ የሚጽፋቸው ዓይነት ነበሩ። በየካቲት 1890 እ.ኤ.አ. ከለንደን የተጻፈው መልስ በትሕትና የተሞላ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን የእንግሊዝ መንግሥት መልእክቱን በኢጣልያ በኩል እንደሚያስተላልፍ የሚገልጽ ነበር።

በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ቴሌግራፍ አልነበራትም። ደብዳቤ በበቅሎ ወደ ባሕር ወርዶ በመርከብ የሚሻገር በመሆኑ፣ መልሱ ቤተ መንግሥት ለመድረስ ወራት ፈጀ። ሲደርስም ዓፄ ምኒልክ ስለ 17ኛው አንቀጽ ኢጣልያ የሰጠችውን ትርጓሜ ከሦስተኛ ወገን እጅ አነበቡት። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርገው ያስመረመሩትም በዚህ ጊዜ ነው።

የመስከረም 1883 ደብዳቤ

መስከረም 18 ቀን 1883 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 1890) ዓፄ ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ 1ኛ የጻፉት ደብዳቤ የክርክሩ መሠረት ነው። ይዘቱ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ውሉን ባደረጉ ጊዜ በወዳጅነት ስም የኢትዮጵያ ጉዳይ በኢጣልያ አጋዥነት ሊፈጸም ይችላል ማለታቸውን፣ ነገር ግን ግዴታ እንዳልገቡ፣ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል እንዳልተስማማ ይገልጻሉ። ከዚያም ንጉሡ ለወዳጃቸው ክብር ሲሉ ስሕተቱን እንዲያርሙና ማስታወቂያው ለደረሳቸው መንግሥታት ሁሉ ስሕተት መሆኑን እንዲያሳውቁ ይጠይቃሉ።

የደብዳቤው ብልኅነት በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ይታያል። ዓፄ ምኒልክ እርምቱ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ብቻ ቢቀር ዋጋ እንደሌለው ተረድተዋል። ሞግዚትነቱ የተቋቋመው በማስታወቂያ ስለሆነ የሚፈርሰውም በማስታወቂያ ነው። በሌላ በኩል ደብዳቤው ኢጣልያን በማታለል አይከስስም፤ የሆነውን ስሕተት ብሎ ይጠራል። ይህም ኡምቤርቶ ክብራቸውን ጠብቀው ወደ ኋላ የሚመለሱበት በር መክፈት ነበር። በሩ ግን አልተገባበትም።

አንቶኔሊ በአዲስ አበባ

ሮም መልስ ለመስጠት አንቶኔሊን መልሳ ላከችው። ራሱ ለመንግሥቱ በጻፈው ዘገባ እንደሚታየው፣ ዋና መከራከሪያው ኢጣልያ አንቀጹን ለመንግሥታት ስላስታወቀች አሁን ብትሽረው ክብሯ ይዋረዳል የሚል ነበር። እቴጌ ጣይቱ ለዚህ የሰጡት ምላሽ በዚሁ ዘገባ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ኢትዮጵያም የምትጠብቀው ክብር እንዳላት፣ ኢጣልያ የምትፈልገው ኢትዮጵያ ጥገኛዋ መሆኗ እንዲታወቅላት ከሆነ ይህ ከቶ እንደማይሆን ነግረውታል።

ከብዙ ድርድር በኋላ በጥር መጨረሻ 1883 ዓ.ም. የተስማሙ መሰላቸው። አንቶኔሊ 17ኛው አንቀጽ እንዳለ ይቆያል የሚል ወረቀት የፈረመ መስሎት በአማርኛው ላይ ፈረመ። ወረቀቱ በኋላ ሲተረጎም ግን የሚለው አንቀጹ ተሰርዟል ነው። አንቶኔሊ ተቆጥቶ ፊርማውን ቀደደ፤ ከባልደረቦቹም ጋር አገር ለቅቆ ወጣ። ኢጣልያውያን ይህን ማታለል ብለውታል። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ ዓይነት አደጋ፣ ማለትም በሌላው ቋንቋ የተጻፈን ነገር ሳያጣሩ መፈረም፣ ሁለቱንም ወገኖች በየተራ አግኝቷቸዋል።

የሚያዝያ 1883 ደብዳቤ

ኡምቤርቶ ስሕተቱን ለመንግሥታት እንደማያሳውቁ ግልጽ ሲሆን ዓፄ ምኒልክ ራሳቸው አሳወቁ። በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ኃያላን መንግሥታት በላኩት አንድ ዓይነት ደብዳቤ የኢትዮጵያን ወሰን ከአራፋሌ ጀምረው በየስፍራው ስም እየጠሩ ዘረዘሩ። ሐላይን፣ ድግሳንና ጉራዕን ጠቅሰው፣ በደቡብና በምሥራቅም ቦረናን፣ አርሲንና እስከ ኦጋዴን ያለውን የሶማሌ ምድር በወሰኑ ውስጥ አገቡ። ሩቅ ያሉ መንግሥታት አፍሪካን ለመከፋፈል ቢመጡ ዝም ብለው እንደማይመለከቱም ገለጹ። የባሕሩን ጠረፍ በተመለከተ በኃይል እንደማያስመልሱት፣ ሆኖም ክርስቲያን ነገሥታት ቢያንስ ጥቂት ወደብ እንዲመልሱላቸው ተስፋ እንደሚያደርጉ ጻፉ።

ይህ ደብዳቤ ሁለት ገጽ አለው፤ ሁለቱም መነበብ አለባቸው። በአንድ ወገን የመከላከያ ሰነድ ነው። የበርሊኑን ሥርዓት ቋንቋ ተጠቅሞ፣ ከበርሊን ውጪ የቀረው አገር ራሱ አስታዋቂ ሆነ። በሌላ ወገን ግን የግዛት ማስፋፋት ሰነድ ነው። ዓፄ ምኒልክ አሁን በእጃቸው ካለው በተጨማሪ የቀድሞውን ወሰን እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ ድረስ መልሰው ለመያዝ ማሰባቸውን ጽፈዋል። አርሲና ሐረር ከዚያ በፊት በ1870ዎቹ ዓ.ም. በጦርነት ገብተው ነበር፤ ወላይታ በ1887 ዓ.ም.፣ ከፋም በ1889 ዓ.ም. ከብርቱ ውጊያ በኋላ ያዙ። በደብዳቤው ስማቸው ከተጠራው ሕዝቦች መካከል ፈቃዳቸው የተጠየቀ አልነበረም። ክሪስፒ ኢትዮጵያን ሳይጠይቅ እንዳስታወቀ ሁሉ፣ ይህም ደብዳቤ ስለ እነርሱ ሳይጠይቃቸው አስታወቀ።

ኃያላኑ ለደብዳቤው ወዲያው ትልቅ ግምት አልሰጡትም። በዚያው ሰሞን፣ መጋቢት 16 እና ሚያዝያ 8 ቀን 1883 ዓ.ም.፣ እንግሊዝና ኢጣልያ ሮም ላይ በተፈራረሟቸው ሁለት ፕሮቶኮሎች የምሥራቅ አፍሪካን ካርታ ተከፋፍለው ኢትዮጵያን በኢጣልያ ድርሻ ውስጥ ከተዋት ነበር።

ውሉን መሻር

የውሉ 16ኛ አንቀጽ ከአምስት ዓመት በኋላ ውሉን ማሻሻል የሚፈልግ ወገን ከአንድ ዓመት በፊት እንዲያስታውቅ ይፈቅዳል፤ ስለ መሬት የተሰጠው ግን አይነካም ይላል። ዓፄ ምኒልክ ይህን ቀጠሮ ጠበቁ። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ለኡምቤርቶ ጽፈው ውሉ አምስት ዓመቱን ሲሞላ፣ በ1886 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ እንደሚያበቃ አስታወቁ። ለሌሎቹ መንግሥታትም ይህንኑ ገለጹ። ኢጣልያ አንቀጹ ማሻሻልን እንጂ መሻርን አይፈቅድም ብላ ተከራከረች። በታኅሣሥ 1886 ዓ.ም. ክሪስፒ ወደ ሥልጣን ከተመለሰ በኋላ የደብዳቤው መንገድ እየጠበበ ሄደ፤ የጦሩም መንገድ ተከፈተ።

ከዐድዋ ድል በኋላ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1896) አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ለዘለዓለም ሻረ፤ የኢትዮጵያንም ሙሉ ነጻነት ያለ ምንም ገደብ አረጋገጠ። ውሉ የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው፤ ኢጣልያንኛ አልገባበትም። የመረብ፣ የበለሳና የሙና ወንዞች ወሰን ደግሞ ቆይቶ በ1892 ዓ.ም. በሌላ ውል ተወሰነ።

ሰነዶቹን ለሚያነቡ

የዚህ ክርክር ደብዳቤዎች በኢትዮጵያ፣ በኢጣልያና በእንግሊዝ በተለያዩ ጊዜያት ታትመዋል፤ የኢጣልያ መንግሥት ለምክር ቤቱ ያቀረባቸው «አረንጓዴ መጻሕፍት»ም ብዙዎቹን ይዘዋል። አንባቢ በትርጉም ከተመለሰ አማርኛና ከዋናው አማርኛ መካከል የትኛውን እንደያዘ ማጣራት ይኖርበታል፤ ከኢጣልያንኛ ወይም ከእንግሊዝኛ ተመልሶ የተጻፈ ቃል የዓፄ ምኒልክ ቃል ተብሎ ሊጠቀስ አይገባም።

ቀን ሲጠቀስም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዘመን የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት የሚውለው በአብዛኛው ሴፕቴምበር 10 ቀን ስለነበር፣ ዛሬ በምንጠቀምበት ማዛመጃ የሚሰላ ቀን አንድ ቀን ይዛባል። የሚያዝያ 1883ቱ ደብዳቤ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአማርኛው አቆጣጠር ሚያዝያ 14 የሚል ቀን የተሰጠው ሲሆን፣ ብዙ የአውሮፓ ኅትመቶች ኤፕሪል 10 ቀን 1891 ይሉታል። ሚያዝያ 14 በዚያ ዓመት የዋለው ግን ኤፕሪል 21 ቀን ነው። ደብዳቤውን በጥናት ወይም በማመልከቻ የሚጠቅስ ሰው የኢትዮጵያውን ቀን በመጀመሪያ ጽፎ የአውሮፓውን በቅንፍ ቢያስከትል ይመረጣል።